የእናቴ አሮጌ ጨርቅ፦ እውነት የእኛ ሰው አዲስ ነገር ይፈራል?

ይቺ ጽሑፍ ትንሽ ትረዝማለች፤ ቡና ይዛችሁ ብታነቧት ይሻላል። በተለይ የዘንድሮ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼ እስከ መጨረሻው አንብቧት። ዕዳ አለብኝ። ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ የነገርኳችሁ ነገር ልክ አልነበረም፤ መምህር ሲሳሳት ደግሞ በተሳሳተበት አፉ ማረም አለበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዱ ተማሪዬ ትምህርቱ ሊያልቅ ሲል እጁን አወጣና፣ «ቲቸር፣ የእኛ ሰው ለምንድን ነው አዲስ ነገር የሚፈራው?» አለኝ። እኔም ብዙ ሳላስብ፣ ስልክ ሲገባ የሰይጣን ድምፅ ነው ተባለ የሚለውን ሁላችንም የምናውቀውን ወሬ አወራኋቸው። ክፍሉ ሳቀ፣ ደወል ተደወለ፣ ወጣን። በቃ፣ «አዎ፣ ሕዝባችን አዲስ ነገር ይፈራል» ብዬ አስተምሬ ወጣሁ ማለት ነው።

በዚያው ሳምንት እናቴ ከጋይንት ልትጠይቀን መጥታ ነበር። ባለቤቴ ከሱቅ አንድ አዲስ የዱቄት ሳሙና በትንሿ ላስቲክ ገዝታ ገባች። ባለ ሱቁ ልጅ «አዲስ የመጣ ነው እትዬ፣ ዋጋውም ከሌላው ይቀንሳል፣ ሞክሪው» ብሏታል። ኑሮው እንደምታውቁት ነው፤ አምስት ብርም ብትቀንስ የመምህር ቤት ታስተውላለች። ባለቤቴ ልብሱን ሁሉ ሰብስባ ልትዘፈዝፍ ስትል እናቴ «ቆይ እስቲ ልጄ» አለቻት። ከዱቄቱ ቆንጠር አድርጋ መዳፏ ላይ አደረገች፣ ውኃ ጠብ አደረገችበት፣ በጣቷ አሸት አሸት አድርጋ አሸተተችው። ከዚያ ወለል የምንወለውልበትን አሮጌ አበባማ ጨርቅ አንሥታ አንዱን ጫፉን ብቻ አጠበች። ጨርቁን ፀሐይ ላይ ሰቀለችና ቁጭ አለች።

እኔ ሳቄ መጣ። «እማዬ፣ ሳሙና እኮ ነው!» አልኳት።

«ሳሙናነቱንማ አየሁ። ግን የማላውቀውን ነገር በነጠላዬ አልጀምርም» አለችኝ።

የሳሙናውን መጨረሻ ኋላ እነግራችኋለሁ። እኔን ግን ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ሌሊቱን ሁሉ ስታሳስበኝ አደረች። እናቴ አልፈራችም። እምቢም አላለችም። ሞከረች። የሞከረችው ግን ቢበላሽ በማይጎዳት ነገር ላይ ነው። እኔ ለተማሪዎቼ «ፍርሃት» ብዬ ያስተማርኩት ይህንን ይሆን እንዴ? ብዬ ያለኝን መጻሕፍት ማገላበጥ፣ የማውቀውን ማስታወስ ጀመርኩ። ያገኘሁት ታሪክ ክፍል ውስጥ ካወራሁት ተቃራኒ ነው።

እስቲ ከጓዳችን እንጀምር። ዛሬ ከማዕዳችን ላይ ከውጭ የመጣውን ሁሉ እናንሣ ብንል ምን ይቀረናል?

በርበሬ ይነሣል። አዎ፣ በርበሬ! ቃሪያውም፣ ሚጥሚጣውም፣ ድልሁም፣ አዋዜውም። የዚህ ተክል አገሩ አሜሪካ አህጉር ነው። ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ወደዚያ ከመሻገሩ በፊት በአፍሪካም፣ በእስያም፣ በአውሮፓም በርበሬን የቀመሰ ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ነው በመርከብና በነጋዴ እጅ ወደ እኛ የደረሰው። ከዚያ በፊት የነበሩ አያቶቻችን ምላሳቸውን የሚያቃጥሉት በዝንጅብል፣ በጥምዝ፣ በቁንዶ በርበሬ፣ በሰናፍጭና በፌጦ ነበር። እነ አክሱም፣ እነ ላሊበላ ሲገነቡ ቀይ ወጥ ዛሬ በምናውቀው መልኩ አልነበረም ማለት ነው። ይህን ክፍል ውስጥ ስናገር ሁልጊዜ «ቲቸር አይደረግም!» የሚል አይጠፋም። ግን ነው።

በቆሎ ይነሣል። እሱም የአሜሪካ ልጅ ነው። የድሮ ሰዎች «የባሕር ማሽላ» ይሉታል፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ማሽላ ለማለት። ይህቺን ስም ልብ በሉልኝ። አያቶቻችን እንግዳውን ሲያዩ «ይሄ ከየት የመጣ ጉድ ነው?» ብለው አልጣሉትም። ከሚያውቁት ዘመድ ጋር አዛምደው ስም አወጡለት። የባሕር ቁልቋል እንደዚሁ ነው። ባሕር ዛፍም እንደዚሁ። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ አዲስ አበባ ማገዶ አጥታ ከተማዋን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ በተደረሰበት ጊዜ ገብቶ ችግሩን ያቃለለ ዛፍ ነው። ዛሬ በእንጦጦ በኩል የሚያልፍ ሰው ዛፉ ከአውስትራሊያ መምጣቱን ማን ያስታውሳል?

ድንች ይነሣል። ቲማቲም ይነሣል። ፓስታና መኮሮኒ ይነሣሉ። ሩዝ ይነሣል፤ ይህን ስል የፎገራ ልጆች እንደምትቆጡ አውቃለሁ፣ እመለስበታለሁ።

ታዲያ አዲስ ነገር የሚፈራ ሕዝብ እንዴት ነው ማዕዱ በእንግዳ የተሞላው? እኔ እንደገባኝ ሕዝባችን፣ በተለይም እናቶቻችን፣ አዲስ ነገርን የሚያዩት በአራት ጥያቄ ነው። መጽሐፍ ላይ አልተጻፈም፤ ታሪኩን ስናየው ግን ይታያል።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ከቤቴ ጋር ይስማማል ወይ?» የሚል ነው። በርበሬ የተወደደው ከወጡ ጋር ስለተስማማ ነው። ፓስታን ተመልከቱ። በብዛት የለመድነው ከጣሊያን ጋር ተያይዞ ነው። እኛ ግን እንዳመጡልን አልበላነውም። ሽንኩርት አቁላልተን፣ በርበሬ ጣል አድርገን፣ እንጀራ ላይ ገልብጠን በላነው። ፓስታ በእንጀራ! ይህን ያየ የሮም ሰው ምን እንደሚል እንጃ። ለጾም ደግሞ እንዴት እንደጠቀመን እናንተው ታውቃላችሁ።

የኤሌክትሪክ ምጣድም ያው ነው። መብራት መጣ፣ እናቶች ግን ሸክላውን አልጣሉም። ኤሌክትሪኩ ነው ሄዶ ከሸክላው ሥር የተኛው። ሽቦው በሸክላው ቦይ ውስጥ ይዞራል፤ ከላይ ያለው ያው የጥንቱ ምጣድ ነው፣ በጎመን ዘር ይሟሻል፣ በጨርቅ ይወለወላል። አዲሱ ለአሮጌው ታዝዞ ገባ።

አሁን ወደ ፎገራ። የፎገራ ሜዳ ርብና ጉማራ ወንዞች ክረምት ክረምት እየሞሉ የሚተኙበት፣ በጣና ዳር ያለ አገር ነው። ያ ረግረግ ለጤፍ አይመችም፤ የታወቀው በከብቱ ነበር። በደርግ ጊዜ ሩዝ ተሞከረ። ዛሬም ድረስ ገበሬው «ኤክስ ጅግና» የሚለው ዝርያ ከሰሜን ኮሪያ የመጣ ነው። ባለቤቴ የዚያ አገር ልጅ ናት። እናቷ ሲነግሩን፣ መጀመሪያ ጊዜ ሩዝ ሲሰጣቸው እንዴት እንደሚበላ አያውቁም ነበር። ቀቅለው ቢያቀርቡት ቤተሰቡ «ይሄ የሕመምተኛ ምግብ ነው» አለ። ታዲያ ምን አደረጉ? ፈጭተው ከጤፍ ጋር ቀላቅለው አቦኩት። እንጀራው ነጣ፣ ጤፉም ተቆጠበ። በቃ፣ ሩዝ ያን ቀን ዜጋ ሆነ። ዛሬ ወረታ ላይ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ፤ የፎገራ ሩዝ ያልደረሰበት ከተማም የለም። ባለሙያዎቹ ዘሩን አመጡ፣ ገበሬው አበቀለ። እንጀራ ያደረጉት ግን እነዚያ እናቶች ናቸው፤ ስማቸው በየትኛውም ሪፖርት ላይ የለም።

ሁለተኛው ጥያቄ «ድካሜን ይቀንሳል ወይ?» ነው። እዚህ ላይ እናቶቻችን ጊዜ አያባክኑም። የሞተር ወፍጮ ሲመጣ እህላቸውን ተሸክመው የግማሽ ቀን መንገድ የሄዱት ለምን ነበር? ሌሊት ከዶሮ ጩኸት በፊት ተነሥቶ በድንጋይ ወፍጮ ላይ ማጎንበስ ምን እንደሆነ ስለሚያውቁ ነው። ጀሪካንን ተመልከቱ። ጀሪካን የጀርመን ጦር ለነዳጅ መያዣ የሠራው የብረት ዕቃ ነበር። እንግሊዞቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከጀርመኖች ማርከው ወደዱት፣ አስመስለው ሠሩት፤ ስሙም «የጀርመን ጣሳ» እንደማለት ነው። ኋላ ፕላስቲክ ሆነ፣ ዘይት ተሞልቶበት እኛ አገር ደረሰ። ዘይቱ አለቀ፣ ጀሪካኑ ግን ቀረ፣ እንስራንም ከሴቶች ጀርባ ላይ አወረደ። እንስራ ባዶውንም ይከብዳል፤ ከወንዝ ሲመለሱ ድንጋይ ካደናቀፈ ውኃውም እንስራውም ሄደ። ስንት ልጅ ነው እንስራ ሰብራ ቤት ለመግባት የፈራች! ጀሪካን ቢወድቅ ይነሣል። ማንም ስብሰባ ጠርቶ ስለ ጀሪካን ጥቅም ቅስቀሳ አላደረገም። አላስፈለገም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። እንስራው ሲወርድ እንስራ ሠሪዋም አብራ ወረደች። በእኛ አገር ሸክላ የሚሠሩ ሰዎች ስንበላበትና ስንጠጣበት በኖርነው ዕቃ ተመስገኑ አልተባሉም። «ቡዳ» ተባሉ፣ መሬት ተነፈጉ፣ አብሯቸው የሚበላ አጡ። በጎንደር ዙሪያ፣ ወለቃና ሌላም ቦታ፣ በሸክላ ሥራ የታወቁት ቤተ እስራኤላውያን ሴቶች ይህን ሁሉ አይተዋል፤ ብዙዎቹም አሁን ኑሯቸው እስራኤል ነው። እዚሁ የቀሩት ሸክላ ሠሪዎችም ፕላስቲክ ሲመጣ ገበያቸው ሲሸሽ «ምን እንርዳችሁ?» ያላቸው የለም። አዲስ ዕቃ ሲገባ እኛ የምናየው የገዛውን ሰው ነው። ታሪክ ስንጽፍ ግን ገበያ ይዞት ወጥቶ ሳይሸጥ ይዞት የተመለሰውንም መጻፍ አለብን። ክፍሌ ውስጥ የሸክላ ሠሪ ልጅ እንዳለ አውቃለሁ። የእናቱን ሥራ ሲጠየቅ «የቤት እመቤት» ብሎ ነው የሚያስመዘግበው። ይህንንም ያስተማርነው እኛው ነን።

ሦስተኛው ጥያቄ «ይሄ የማን ነው?» የሚለው ነው። እውነቱን እንነጋገር፤ አንዳንድ ነገር የተገፋው አዲስ ስለሆነ ሳይሆን «የእነሱ ነው» ስለተባለ ነው። ዋናው ምሳሌ ቡና ነው። ቡና የራሳችን ጫካ ተክል ነው፤ ከባሕር ማዶ የመጣ አይደለም። ሆኖም እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ድረስ ብዙው የሰሜን ክርስቲያን ቡና አይጠጣም ነበር። የእስላም መጠጥ ነው፣ የሌላ ሃይማኖት ሥርዓት አለበት ይባል ነበር። በርበሬን ከዓለም ዳርቻ ተቀብሎ የጎረቤቱን ቡና እምቢ ማለት! በምኒልክ ዘመን ነገሩ እየላላ መጣ፣ ቤተ መንግሥትም ተጠጣ፣ ቀስ በቀስ ዛሬ «ቡና ጠጡ» የማይባልበት ቤት ጠፋ። አሁን ማንኛዋም የጎንደር እናት ቡና የእናት አባቶቿ እንዳልነበረ ብትነግሯት በረከቦቱ ትመታችኋለች። አያቴ በጨው ነበር የምትጠጣው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ስኳር ወደ ገጠር ሱቅ እስኪዘልቅ ድረስ፣ ከዘለቀም በኋላ፣ ለስንቱ የገጠር ቤት ስኳር የበዓልና የእንግዳ ነገር ነበር።

አራተኛውና ትልቁ ጥያቄ የእናቴ ጥያቄ ነው። «ቢበላሽብኝ ምን አጣለሁ?»

ድንችን እንውሰድ። ድንችን ወደ አገራችን አስገባ የሚባለው ቪልሄልም ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት አጥኚ ነው። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1837 መጥቶ ዕድሜውን በትግራይ ጨረሰ፤ የሞተውም በ1878 ዓድዋ ነው። ድንቹን ያስገባው በ1858 ነው ይባላል፤ በእኛ 1850 ዓ.ም. ገደማ መሆኑ ነው። ሆኖም ድንች ለብዙ ዓመት አልተስፋፋም። «አዲስ ነገር ይፈራል» የሚለው ሰው እዚህ ላይ «አያችሁ!» ይላል። ግን ቆይ። የገበሬው መሬት ውስን ነው። ድንች የዘራበት ላይ ገብስ አይዘራም። ገብሱ ከአያት ጀምሮ የተፈተነ ነው፤ ድንቹስ? ባይበቅል፣ ቢበቅልም ቢበሰብስ፣ ልጆቹን ነሐሴ ላይ ምን ሊያበላ ነው? ጥያቄው የሆድ እንጂ የአእምሮ አይደለም።

ከዚያ ክፉ ቀን መጣ። በ1880 ዓ.ም. ከጣሊያን ጦር ጋር በምጽዋ በኩል በገቡ ከብቶች የከብት በሽታ ገባና የአገሩን በሬ ጠርጎ ወሰደው። ማረሻ ቆመ፣ ድርቅና አንበጣ ተጨመረበት፣ እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ። ድንች በሰፊው ወደ ገበሬው እጅ የገባው ከዚያ ረኀብ ጋር ተያይዞ ነው። ድንች በሬ ባይኖርም በዶማ ይተከላል፤ ከመሬት በታች ስለሆነም አንበጣ አይጨርሰውም። ልብ በሉ፤ ሕዝቡ ያው ሕዝብ ነው፣ ድንቹም ያው ድንች። የተለወጠው ስሌቱ ነው። የሚያጣው ነገር ያለው ሰው ይጠነቀቃል፤ ያለው ሁሉ ከሄደ በኋላ ግን አለመሞከር ራሱ ሞት ነው። እኔ የተወለድኩበት ጋይንት ዛሬ ያለ ድንች አይታሰብም። ልጅ ሆኜ ቁርሴ ቅቅል ድንች ነበር። ያ ድንች በእንዲህ ያለ መንገድ እንደመጣልኝ ማን ነገረኝ? ማንም።

አሁን ስለ ራሴ ልንገራችሁ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ እናቴ ዩኒፎርሜን በእንዶድ ነበር የምታጥበው። እንዶድን የማታውቁ የከተማ ልጆች ካላችሁ፣ ፍሬው ደርቆ ተወቅጦ ውኃ ሲነካው አረፋ የሚያወጣ ተክል ነው። ሳሙና ሳይመጣ በፊት አገሩ ሁሉ ነጠላውንና ጋቢውን የሚያነጣው በእሱ ነበር። ክፍላችን ውስጥ የነጋዴ ልጆች ነበሩ፤ ልብሳቸው ኦሞ ኦሞ ይሸታል። አንድ ቀን አንዱ ልጅ አጠገቤ ተቀምጦ አፍንጫውን ያዘና «እንዶድ!» አለ። ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ እሱ ሆነ።

ቤት ገብቼ ደብተሬን ወረወርኩና «ከእንግዲህ በእንዶድ የታጠበ ልብስ አልለብስም!» አልኳት። እናቴ ምንም አልመለሰችልኝም። በቅዳሜው ገበያ ላምባ ልትገዛበት ያጠራቀመችውን እንቁላል ሸጠች፣ ኦሞ ገዝታ መጣች። ዩኒፎርሜ ያን ሳምንት እንደ ነጋዴ ልጅ ሸተተ። ማታ ማታ ግን ኩራዛችን አልበራም። የምድጃውን ብርሃን ተጠግቼ የቤት ሥራዬን ስሠራ፣ ስለ ልብሴ ሽታ ደስ ብሎኝ ነበር። ስለ ላምባው የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

ከዓመታት በኋላ ለዲፕሎማ ስማር አንድ መምህራችን ስለ ዶክተር አክሊሉ ለማ ነገረን። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠና፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። ቢልሃርዚያ የሚተላለፈው በእነዚያ ቀንድ አውጣዎች በኩል ነው። ከዚያች ዕይታ ተነሥቶ እንዶድ በሽታ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጠ። በ1989 ከባልደረባው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ስዊድን ውስጥ «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተቀበለ። አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲም በእንዶድ ላይ የፈጠራ መብት አወጣ፤ እዚያ የውኃ ቧንቧ የሚደፍን ቀንድ አውጣ መሰል ፍጡር አስቸግሯቸው ነበርና።

እኔ ያን ቀን ክፍል ውስጥ አንገቴን ደፍቼ ነበር። መምህሩ ማስታወሻ እየጻፍኩ መሰለው። በሽታ የሚከላከል ነገር ነው በልብሴ ላይ አስነውሬ እናቴን ላምባ ያሳጣኋት። ደግሞም ልብ በሉ፤ ዶክተር አክሊሉ ትልቅ ሰው የሆነው አዲስ ነገር ከውጭ ስላመጣ ብቻ አይደለም። ሴቶቹ በየቀኑ የሚያደርጉትን ነገር ቆሞ ስላየ ነው። እኛ የምንሮጠው አዲሱን ለማየት ነው፤ አሮጌውንም እንደ አዲስ ማየት እንዳለ ያስተማረኝ የለም።

እንዶድ ይመለስ እያልኩ አይደለም። ለቀማው፣ ውቀጣው፣ እሹው፣ ወንዝ ድረስ መሄዱ፣ ሁሉም በሴት ጀርባ ነው። ኦሞ ያሸነፈው በሁለተኛው ጥያቄ ነው፤ ድካም ቀነሰ። አሸናፊነቱም ከቋንቋችን ይታወቃል። ዛሬ ኦሞ የአንድ ፋብሪካ ሸቀጥ ስም መሆኑ ቀርቶ የዱቄት ሳሙና ሁሉ ስም ሆኗል። «የትኛውን ኦሞ ልስጥሽ?» ይላል ባለ ሱቁ። የታሸገ ውኃ ምንም ተብሎ ቢጻፍበት ጠርሙሱ «ሃይላንድ» ነው። ሞዴስ፣ ቡታጋዝ ሁሉም የአንድ ዕቃ ስም የነበሩ ናቸው። በረኪናን፣ ሳልሳን፣ ፎርኖ ዱቄትን፣ ማርማላታን የተውልን ጣሊያኖች ናቸው። ስለ ጣሊያን ወረራ ፈተና ላይ ስጠይቃችሁ ዓድዋንና ማይጨውን ትጽፋላችሁ፤ ደግ አደረጋችሁ። ግን የእናታችሁ መደርደሪያም የታሪክ መዝገብ ነው። እያንዳንዱ ስም አንድ ቀን አንዲት ሴት «እስቲ ልሞክረው» ያለችበት ምልክት ነው።

አንዳንዱ ደግሞ እኛው ስም ያወጣንለት ነው። ከሰል የሚቆጥበውን ምድጃ «ላቀች» አልነው፣ እንደ ሴት ልጅ። የእንጀራውን ማገዶ ወደ ግማሽ የሚያወርደውን «ምርጥ» አልነው። ለልጆች የተቀመመው ዱቄት «ፋፋ» ተባለ፤ ልጅ ፋፋ እንደምንለው። ጥሩ ስም የያዘ እንግዳ በር ላይ ብዙ አይቆምም።

እንግዲህ ተማሪዎቼ፣ በተለይ አንተ ጥያቄውን የጠየቅከኝ ልጅ፣ የታረመው መልሴ ይሄ ነው። የእኛ ሰው አዲስ ነገር አይፈራም። የሚፈራው ስሕተትን ነው፣ ስሕተት ለድሃ ውድ ስለሆነ። ደመወዙ የሚተርፈው ሰው የማይሆን ዕቃ ቢገዛ ይጥለዋል፣ ሌላ ይገዛል። እናቴ የማይሆን ነገር ከገዛች ኩራዝ ሳይበራ ያድራል። ሁለቱን ሰዎች አስተያይቶ አንዱን «ዘመናዊ» ሌላውን «ኋላ ቀር» ማለት ታሪክ አለማወቅ ነው። እኔም ባለፈው ሳምንት ያደረግሁት ይሄንን ነው። ይቅርታ።

ሌላም ልጨምር። አንድ ነገር ለሕዝብ አምጥቶ «ለምን አልተቀበሉትም?» ብሎ የሚያማርር ባለሙያም ነጋዴም ካለ፣ መጀመሪያ አራቱን ጥያቄዎች ራሱን ይጠይቅ። ከቤቷ ጋር ይስማማል? ድካሟን ይቀንሳል? የእኔ ነው ትለዋለች? ቢበላሽባት ኪሳራውን ማን ይሸከማል? አራተኛው መልስ «እሷው» ከሆነ፣ አሮጌ ጨርቋን ስታነሣ አትሳቅባት።

አሁን ወደ ሳሙናው። ጨርቁ ሲደርቅ የታጠበው ጫፍ አበባው ጠፍቶ ገርጥቷል። እናቴም ማታ መዳፏን እያከከች ነበር። ምንም አላለችም፤ ላስቲኩን ቋጠር አድርጋ ለባለቤቴ ሰጠቻትና «ይሄ ለወለል ይሁንሽ፣ ለዚያም ጓንት አጥልቀሽ» አለቻት። የባለቤቴ ነጠላ፣ የልጄ ዩኒፎርም፣ የእኔ የማስተማሪያ ነጭ ጋውን ተረፉ።

ወደ አገሯ ከመመለሷ በፊት ማታ ቡና እየተፈላ ሳለ ድፍረት አገኘሁና ስለዚያ ኦሞ አነሣሁባት። «እማዬ፣ ያኔ በእንዶድ የታጠበ አልለብስም ብዬ ላምባ ያሳጣሁሽን ታስታውሻለሽ? እስከ ዛሬ ይቆጨኛል» አልኳት።

ትንሽ አሰብ አደረገችና ሳቀች። «አንተ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን እሱን ተሸክመህ ነው? እኔ እኮ ኦሞውን ልሞክረው ፈልጌ ሰበብ አጥቼ ነበር። ጎረቤቶቼ ሁሉ ሲያወሩለት እሰማለሁ። አንተ ስትጮህ፣ ይኸው ሰበብ መጣ ብዬ ነው እንቁላሉን ይዤ የሄድኩት።»

«ላምባውስ?»

«ላምባውማ ቆጨኝ» አለች። ስኒዋን ለሁለተኛ ሰጠች።

እናንተስ? እናታችሁ ወይ አያታችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከሩት አዲስ ዕቃ ምን ነበር? ፓስታው፣ ምጣዱ፣ ጀሪካኑ፣ የዱቄት ወተቱ? ውጭ ያላችሁም፣ ዋሽንግተንም፣ ቴል አቪቭም፣ ዱባይም፣ ጤፍ ስታጡ በምን በምን ሞከራችሁ? ከሥር ጻፉልኝ። እናቶቻችሁ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ደውላችሁ ጠይቋቸው። የአሥረኛ ክፍሎች፣ ለእናንተ የቤት ሥራ ነው፤ ሰኞ አንድ ገጽ ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ከኢንተርኔት የገለበጠ አይቆጠርለትም፤ እናቱን የጠየቀ ነው የሚቆጠርለት።

ቸር ያሰማን።